የጎይንደን ምላስና የክሌንሲ ከበሮ

ደሴታችን ላይ፣ በማሄቡር ከተማ አውቶቡስ ተራ ውስጥ ከጎይንደን አፍ የተረፈ ሰው የለም። እኔ ማሪሊዝ አናናስ በጨውና በበርበሬ እያሸሁ የምሸጠው ከሱ ጋሪ አጠገብ ስለሆነ ጆሮዬ ያላየው መከራ የለም። አውቶቡስ ቢዘገይ ይሳደባል፤ በሰዓቱ ቢመጣም "ዛሬ ማን ሞቶ ነው?" ይላል። ግን የሱን ዳልፑሪ፣ ያንን የተፈጨ ክክ የተቀበረበትን ስስ ቂጣ፣ አንዴ የቀመሰ ሰው ስድቡን ችሎ ነገም ይሰለፋል።

በዓመት አንድ ቀን ብቻ ዝም ይላል፤ በካቫዲ ቀን። ህንዶቹ ታሚሎች ጾማቸውን ጨርሰው፣ እሱንም ካቫዲ የሚሉትን አበባ የለበሰ እንጨት በትከሻቸው ተሸክመው በባዶ እግራቸው ወደ መቅደስ ሲሄዱ፣ ጎይንደን ለስለቱ ብሎ ምላሱን በብር መርፌ ይወጋል። አቤት ያን ቀን የምናርፈው እረፍት! እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እኔ ካቶሊኳ ከገና ይልቅ የምናፍቀው ካቫዲን ነው።

ዘንድሮ ስለቱን አልደበቀም። "ልጄ ካመኒ ከነዚያ ከበሮ ደብዳቢዎች ተለይታ ባንክ ቤት እንድትገባ ነው የተሳልኩት" ብሎ ለአውቶቡስ ተራው ሁሉ አወጀ። ከበሮ ደብዳቢ የሚላቸው ሁለት ናቸው። የዓሣ አጥማጁ ልጅ ክሌንሲ ራቫን ይመታል፤ እንደ ሰፌድ ሰፊ የሆነ፣ የፍየል ቆዳ የተወጠረበት የኛ የክሪዮሎች ከበሮ። የፀጉር ቤቷ ቻይናዊት ልጅ አህኮን ደግሞ ጊታር ይጫወታል። ካመኒ ታዜማለች። ጎይንደንን ያሳበደው ግን የካቫዲን የጉዞ ምት ወስደው ዳሌ ከሚያወዛውዘው ዘፈናችን ከሴጋ ጋር መቀላቀላቸው ነው። "የአምላክን እርምጃ ዳሌ አበጁለት!" እያለ ሲጮህ ሰነበተ። እኔ የሰማሁት ቀን ቢላዬን ጥዬ ተወዛወዝኩ፤ ታዲያ ምን ላድርግ?

ለነጻነት በዓል መድረክ ላይ የሚወጡት ዘፋኞች በከተማው አዳራሽ የሚመረጡበት ቀን ከጾሙ የመጨረሻ ቀን ጋር ገጠመ። ከማለዳ ጀምሮ ዝናቡን አወረደው። ራቫን ደግሞ እርጥበት ከነካው አለቀለት፤ እሳት ካልሞቀ አይናገርም። ክሌንሲ ቢመታው "ጧ!" ማለቱ ቀርቶ "ጰፍ" አለ፤ የራሰ ካርቶን በጥፊ የመታ ነው የሚመስለው።

አህኮን ሮጦ ከእናቱ ቤት የፀጉር ማድረቂያ አመጣ። ገና ከመሰካቱ የአዳራሹ መብራት ድርግም! ዘበኛው "ውጡልኝ! እሳትም የለ፣ ኤሌክትሪክም የለ!" ብሎ አባረራቸው። ደረቅ የኮኮናት ቅጠል ለማንደድ ቢፈልጉ ሁሉም በስብሷል። በዚያ ዝናብ የሚነድ እሳት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጎይንደን፣ ከሸራው ስር፣ ከነጋዙ።

ክሌንሲ ራቫኑን በሸሚዙ ሸፍኖ፣ ራሱ ደረቱን ራቁቱን ሆኖ መጣ።

"ቶንቶን፣ አጎቴ፣ አፈር ስሆን፣ ትንሽ ሙቀት ይስጡን።"

"የፍየል ቆዳ? በጾሜ? የአምላክ ቂጣ ከምጋግርበት እሳት?" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። "አየሽ ማሪሊዝ? ገና ሳልሸከም ስለቴን ሰጠኝ! ይኼን ዝናብ ማን የላከው ይመስልሻል?"

ደሜ ፈላ። "ኧረ ተው ጎይንደን! የመቅደሳችሁ ከበሮስ ቆዳው ከምንድን ነው? ከሙዝ ቅጠል?"

አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ይህን ሁሉ ዘመን ስንጎራበት እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም፤ መርፌው እንኳ ሳይገባ!

ይኼኔ ካመኒ መጣች። ብትለምነው ኖሮ ጮሆባት ይገላገል ነበር። አልለመነችውም። እጇን ታጠበችና ዳልፑሪውን በወረቀት መጠቅለል ጀመረች።

"ግድ የለም አባዬ። የተሳልከው ደርሷል። ነገም ለመቅደሱ የማቀርበውን ወተቴን ተሸክሜ ከኋላህ እከተልሃለሁ።"

ድምጿ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። አንጀቴን በላችው።

ጎይንደን ቂጣ አሳረረ። ጎይንደን እኮ ነው! ያረረውን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ ምጣዱን አንስቶ መሬት አስቀመጠው።

"አምጣው!" አለ ክሌንሲን። "እንዲህ አይደለም፣ አንተ ገልቱ! ታቃጥለዋለህ! በዕድሜህ ቂጣ ጋግረህ ታውቃለህ?"

ነጠቀውና ከነበልባሉ ከፍ አድርጎ ያሽከረክረው ጀመር። ተራ የያዙት "የኛስ ቂጣ?" ሲሉት "ዛሬ የሚጋገረው ከበሮ ነው! ያልተመቸው ቤቱ ሄዶ ዳቦ ይብላ!" አላቸው። በመጨረሻ በጣቱ ኳ ሲያደርገው "ጧ!" አለ። ልጆቹ ይዘውት በረሩ።

ተመረጡ። እኔ እልል ስል ድምፄ ተዘጋ። ጎይንደን ግን አዳራሹን አልረገጠም፤ ምጣዱንና ምድጃውን ከፍየሉ ቆዳ ለማንጻት በእርድ ውሃ ሲያጥብ ነበር። "አሁን ነገ ምን ብዬ አምላክ ፊት ልቁም?" ይላል ለብቻው። "ስለቴን ለአገር ምድሩ ነግሬያለሁ!" እንዲያ ሲጨነቅ አይቼ ቢላዬን አስቀምጬ አንድ ባልዲ ውሃ ቀዳሁለት።

በማግስቱ ምላሱን ተወግቶ፣ ካቫዲውን ተሸክሞ በአውቶቡስ ተራው መጣ። ካመኒ የወተት ማሰሮዋን ራሷ ላይ አድርጋ ትከተለዋለች። ክሌንሲና አህኮን ከጋሪው አጠገብ ቆመው ለተጓዡ ውሃ ያድላሉ። ክሌንሲ ለጎይንደን ክብር ብሎ የጉዞውን ምት በራቫኑ ጀመረ። "ጰፍ።" ለካ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል።

ጎይንደን ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰልፉ ከኋላው ተጠራቀመ። ካህኑ ገፋ አደረገው፤ ንቅንቅ የለም። ዓይኑን አፍጥጦ በአገጩ ወደ ጋዙ አመለከተ። ክሌንሲ አልገባውም። ደግሞ በአገጩ አመለከተ።

"አሙቀው ነው የሚልህ፣ አንተ ደነዝ!" ብዬ ጮህኩ። ያን ቀን ስድቡን የምሳደብለት እኔ ሆንኩ።

ጋዙ ተለኮሰ፤ ቆዳው ሞቀ፤ "ጧ!" አለ። ያኔ ጎይንደን መንገዱን ቀጠለ።

ስለቱን ለውጦ እንደሆነ አላውቅም። መርፌው የወጣ ዕለት ሁሉን እንደሚክድ ግን አውቃለሁ። ይካድ! እኔ ያ ባዶ እግሩ በክሌንሲ ምት ሲረግጥ፣ ዳሌውም ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ስትወዛወዝ በዓይኔ አይቻለሁ።