የሰመጠው ነጭ

ሻማ እፍ ተብሎ ሲጠፋ የሚወጣው ሽታ ለብዙ ሰው መብራት የሄደበትን ምሽት ያስታውሰዋል። እኔን ግን ቡራዩ ውስጥ በቆርቆሮ ወደታጠረ አንድ ግቢ ይወስደኛል። ዛሬ የምሠራው ሰበታ፣ የውሃ ቧንቧ የሚያመርት ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የመጣልን ጥሬ ዕቃ ሲያጠራጥረን ከጫፉ ቆንጥሬ እለኩሰዋለሁ። ከሥሩ ሰማያዊ ነበልባል ይዞ፣ እየተንጠባጠበ፣ እንደ ሻማ እየሸተተ ሲነድ መዝገቡ ላይ "ፖሊኢትሊን" ብዬ እጽፍና ፈገግ እላለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ለምን እንደሆነ ጠይቀውኝ አያውቁም። ቢጠይቁኝም የምናገር አይመስለኝም። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ በዚያ ግቢ ፕላስቲክ መራጭ ነበረች። ቆራሌዎች ከየሰፈሩ የሰበሰቡት አሮጌ ጀሪካን፣ ባልዲና የዘይት ዕቃ እዚያ ይራገፋል፤ እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች መርጠው ያጥቡታል፤ መፍጫው ይፈጨዋል፤ ማሽኑ ያቀልጠውና ሳፋ ሆኖ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ግቢው የጠፋ ሻማ ይሸታል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ የምንኖረው በዚያ ሥራ ነበር።

እናቴ ፕላስቲክ የምትለየው በጆሮዋ ነበር። ዕቃውን ወደ ጉንጯ አስጠግታ ጨበጥ ታደርገዋለች። ዝም ካለ ወደ ቀኝ፣ ከተንኮሻኮሸ ወደ ግራ ትወረውረዋለች። ከየት እንደተማረችው ስጠይቃት "ከራሱ" አለችኝ።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቆራሌ ብዙ ጆንያ ሙሉ ነጭ የእርጎ ኩባያ አመጣ። እናቴ አንዱን ስትጨብጠው ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። የግቢው ባለቤት፣ ሁሉም ሀጂ የሚላቸው ሽማግሌ ነጋዴ፣ ስልክ እያወሩ በአጠገቧ ሲያልፉ "ሀጂ፣ ይሄ ድምፁ ሌላ ነው። ለብቻው ይሁን?" አለቻቸው። እሳቸው ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ "ነጭ ነጭ ነው እቴ፣ ነጭ ሳፋ ነው ገበያ ያለው፤ ቀላቅይው" አሏት። ቀላቀለችው።

በግቢው አንድ ልማድ ነበር። በየቀኑ መጀመሪያ የወጣውን ሳፋ ሀጂ በአፉ ይደፉትና ከሠራተኞቹ ሁሉ ወፍራም የሆነው ማሽን ነጂ ይቆምበታል። "ቢስሚላህ" ይላሉ ሀጂ፤ እሱ ይወጣል፤ ሳፋው ለጥ ብሎ ይመለሳል፤ የቀኑ ሥራ ይጀመራል። ኩባያው ከተቀላቀለ ወዲህ ግን ሳፋው ከእግሩ ሥር ይሰነጠቅ ጀመር። የተሸጡትም ከገበያ ተመለሱ። ማሽን ነጂው መጀመሪያ ሰሞን "እኔ አልወፈርኩም፣ ሳፋው ነው የከሳው" እያለ ሰው ያስቅ ነበር። ኋላ እሱም ቀልዱን ተወው።

ሀጂ ጥፋቱን እናቴ ላይ ጣሉት። ቆሻሻ እያስገባሽ ነው፣ እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው አመጣለሁ አሏት። እናቴ የስልኩን ነገር አላነሳችባቸውም። ለእኔ ብቻ "ረስተውታል። እኔ ባስታውሳቸው ውሸታም ነው የምባለው" አለችኝ። ቀጥላም አይኗን ከእጇ ላይ ሳታነሳ፣ ሥራው ከቀረ ሱሉልታ አክስቴ ጋ እንደምሄድ፣ ልጆች እንደምጠብቅላት፣ ትምህርቱም ለጊዜው እንደሚቆይ ነገረችኝ። በሰፈራችን ለጊዜው ተብሎ የቆመ ትምህርት ሲቀጥል አይቼ አላውቅም ነበር።

የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ፖሊመር የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። "ፖሊ ብዙ፣ ሜር ክፍል" ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈና አሥራ ሁለታችንን አስነስቶ እጅ ለእጅ አያያዘን። ሁለት ሁለት ሆነን አንድ ትንሽ ሞለኪውል ነን፤ ስንያያዝ አንድ ረጅም ሰንሰለት። ጀሪካኑም፣ የጫማችሁ ሶልም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ልባስም፣ ጥጡ ሳይቀር እንዲህ ያለ ሰንሰለት ነው አለን። "ተራመዱ" ሲለን በወንበሮቹ መሀል እየተጠማዘዝን አለፍን። ይህ ፖሊኢትሊን ነበር። ከዚያ በየሁለተኛው ተማሪ ጀርባ ላይ አንድ ትልቅ ቦርሳ አሸከመና እንደገና ተራመዱ አለን። ቦርሳው ከቦርሳ፣ ከወንበር እየተጋጨ መጠማዘዝ አቃተን። ከኋላ ሲገፉን ሰንሰለቱ እኔ ጋ ሲደርስ ተበጠሰ፤ እጄ በላብ ርሶ ነበር።

"ይሄኛው ፖሊስታይሪን ነው" አለ አስተማሪው፤ "የእርጎ ኩባያ በሉት። ስታጥፉት ቀጭ ይላል።"

ክፍሉ ሲስቅ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከትምህርት በኋላ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አስተማሪ ተከትዬ ወጣሁና አስቆምኩት። ሁለቱ አብረው ቢቀልጡስ? ብዬ ጠየቅኩት። አይዋሃዱም፣ እንደ ዘይትና ውሃ ናቸው፣ ሲቀዘቅዝ ድንበር ድንበራቸውን ይዞ ይሰነጠቃል አለኝ። በምን ይለያሉ? አልኩት። "በውሃ። ፖሊኢትሊን ከውሃ ይቀላል፣ ይንሳፈፋል። ያኛው በጥቂት ይከብዳል፣ ይሰምጣል።" ጥቂት ሄድ ካለ በኋላ ዞር ብሎ ሌላም ነገር ጨመረልኝ። እኔ ግን ከደስታዬ የተነሳ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት።

ቅዳሜ የእናቴን ምሳ ይዤ ሄድኩ። ሀጂ ከማሽኑ አጠገብ ቆመው ነበር። እናቴ ልትሰናበት ሽርጧን እየፈታች ነበር። የምሳ ዕቃውን በሁለት እጄ ይዤ ፊታቸው ቆምኩና ከቤት ጀምሮ ያጠናሁት ንግግር ጠፋብኝ።

"ያ ኢንተላ" አለኝ ማሽን ነጂው በኦሮምኛ፣ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው፤ "ምሳ ነው ወይስ ደብዳቤ ነው የያዝሽው?"

"ውሃ ስጡኝ" አልኩ።

ሀጂ የጠማኝ መስሏቸው "ለልጅቷ ውሃ አምጡላት" አሉ፤ አንዷ ሴት በኩባያ አመጣችልኝ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ጠጣሁት፤ ምን ላድርግ። ከዚያ ወደ ማጠቢያው በርሜል ሄድኩና የተፈጨው ከተሞላበት ጆንያ ሁለት እፍኝ ነጭ ስብርባሪ ዘግኜ በተንኳቸው። "የእርጎ ኩባያው ይሰምጣል" አልኩ ቀስ ብዬ፤ "ሳፋውን የሚሰነጥቀው እሱ ነው።"

ሁሉም ተንሳፈፈ። አንዲት ቅንጣት እንኳ አልወረደችም።

"ቶሌ ቶሌ፣ እሺ ይሁን" አለ ማሽን ነጂው፤ "ዶክተሯ፣ ነገ ደግሞ በወተት እንሞክረዋለን።" ሴቶቹ ሳቁ። ሀጂ አልሳቁም፤ ሰዓታቸውን አዩ። ፊቴ ነደደ፤ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄጄም ነበር። አስተማሪው ዞር ብሎ የጨመረልኝ ነገር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የአየር አረፋ ይይዘዋል፣ ሳሙና ጨምሪበት ነበር ያለኝ።

"ሳሙና" አልኩ። ማንም አልሰማኝም፤ መፍጫው ይጮህ ነበር። "ሳሙና!" ብዬ የጮህኩት እኔ መሆኔን ያወቅኩት መፍጫውን ሲያጠፉት ነው።

እናቴ ምንም ሳትጠይቀኝ የልብስ ሳሙናውን ይዛ መጣች። እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ክርኗ በርሜሉ ውስጥ ገባችና ስብርባሪውን በመዳፎቿ መሀል አሸችው። ጥቃቅን አረፋ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ፣ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሦስት አራት፣ በኋላም እንደ ካፊያ፣ ነጩ ነጩን ትቶ ይወርድ ጀመር። ቀስ እያለ ነበር የሚወርደው፤ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ እያንዳንዱን ታበራው ነበር። ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ከሰመጠው አንድ አውጥቼ አጠፍኩት፤ ቀጭ አለ። ከተንሳፈፈው አንስቼ አጠፍኩት፤ ዞሮ ተመለሰ። ስለ ሰንሰለቱም፣ በየሁለተኛው ስለተሸከመው ቦርሳም ነገርኳቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

የተንሳፈፈውን በወንፊት ጠልለን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ውስጥ ገባ። የወጣውን ሳፋ ሀጂ ደፉትና "ቢስሚላህ" አሉ። ማሽን ነጂው ወጣበት። ለጥ ብሎ ተመለሰ። ዘለለበት። አሁንም ተመለሰ። ጫማውን አድርጎ በአንድ እግሩ ሲዞርበት እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

"ሀጂ" አለ እዚያው ሳፋው ላይ እንደቆመ፤ "እኚህ ሴትዮ ያኔ ነግረውዎታል። ድምፁ ሌላ ነው ብለዋል። እርስዎ ስልክ ላይ ነበሩ። ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ እኔ ሰምቻለሁ።"

ሀጂ መነጽራቸውን አውልቀው በሽርጣቸው ጠረጉት። "እኔ ነኝ ቀላቅይ ያልኩሽ" አሏት እናቴን፤ "አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንቺም ይቅር በይኝ። ሰኞ በጊዜ ነይ፤ ከእንግዲህ ምኑ ከምን እንደሚገባ አንቺ ነሽ የምትነግሪን።" ወደ እኔም ዞረው "ይህቺን ልጅ አስተምሪያት" አሉ፤ እንደ ቁጣ ነበር አነጋገራቸው።

ከዚያ ወዲህ የመመረቂያ ሥራዬን ብዙ ሰው ፊት አቅርቤያለሁ፤ ጭብጨባም ሰምቻለሁ። እንደዚያ ቅዳሜ ግን ቁመቴ የጨመረ መስሎኝ አያውቅም። ወደ ቤት ስንወጣ በዳገቱ ላይ ሚኒባሶቹ "አስኮ፣ አስኮ" እየተባለባቸው ያልፉ ነበር፤ እኔ እለፈልፋለሁ፣ እናቴ ትሰማለች።

ቤት ስንገባ ከበሩ ጀርባ የታሰረ ጓዝ አየሁ። ልብሶቼ ነበሩ፤ ጠዋት ውሃ ልቀዳ በወጣሁበት አስራው መሄዷ ነበር፤ እኔ ንግግሬን ሳጠና ልብ አላልኩትም። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው፤ ጣቶቿ ከሳሙናው ብዛት ተሰነጣጥቀው ነበር። ቀሚሶቼን አንድ በአንድ እያራገፈች ወደ ምስማሩ መለሰቻቸው። ከሥር አይቼው የማላውቀው ወፍራም ሹራብ ወጣ። አዲስ ነበር።

"ሱሉልታ ብርድ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው" አለችኝ፤ ሳታየኝ።

ሰኞ ቡራዩ ሞቃት ነበር። ሹራቡን ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ቀኑን ሙሉም አላወለቅኩትም።