የጋሼ ገብረጻድቅ ቀልብ

አቃቂ በሰቃ ጎማ እጠግናለሁ። ጎሚስታ ነኝ፤ ስሜ ሮቤራ ይባላል። የጋሼ ገብረጻድቅን ነገር ሰው ጠይቃችሁ እውነቱን አታገኙም። ግማሹ እስካሁን ቅዱስ ያደርጋቸዋል፣ ግማሹ ደግሞ ስማቸው ሲነሳ ፊቱን ያጠቁራል። እኔን ሁለቱም አንገሽግሸውኛል።

ጋሼ በወጣትነታቸው ምድር ባቡር፣ ከዚያ እስከ ጡረታ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል የሠሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን በቀልባቸው ነው። አንድ ሰው አዲስ ነገር ሊገዛ ሲል፣ የውሃ ፓምፕ በሉት የብሎኬት ማሽን፣ መጀመሪያ እሳቸውን ይዞ ይሄዳል። ማሽኑ ይነሳል። ጋሼ መዳፋቸውን ይጭኑበታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ይቆያሉ። ከዚያ ወይ "ቀልቤ ወዶታል" ይላሉ፣ ወይ "ሆዴ ፈራ" ይላሉ። በቃ። ምክንያት አይሰጡም፣ የሚጠይቃቸውም የለም።

ይይዝላቸው ነበር፤ አልዋሽም። ባጃጅ አዲስ የመጣ ጊዜ "ይቺ የልጅ መጫወቻ" ብሎ ያልሳቀባት የለም። ጋሼ አንዷን አስነስተው መዳፋቸውን ጫኑና "ይቺ እንጀራ ናት" አሉ። ያመኗቸው ሰዎች ዛሬ የራሳቸው ቤት አላቸው። ጎረቤታችን አደሴ ወፍጮ ልትገዛ ስትል ደግሞ ሆዳቸው ፈራ፤ እሷ ትታው ሌላ ሰው ገዛውና ዓመት ሳይሞላው ሞተሩ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ያሉት እንደ ወንጌል ሆነ። ገንዘብ አይቀበሉም፤ ሻይ ከጋበዟቸው ይጠጣሉ። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፣ ጠልቻቸው አርፍ ነበር።

ሌንሳ የአክስቴ ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ መገርሳ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ጤፍና ሽምብራ ያርስ ነበር። መሬቱ ለልማት ተወሰደና ካሳ ተከፈለው፤ ካሳው ባንክ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። አንዳንዱ በካሳው ጠጣበት፣ አንዳንዱ ሠርግ ደገሰበት፤ ሌንሳ ግን አልነካችውም። ባሏ ሁለት ልጆች ጥሎባት ሄዷል፤ እሷ ጫማ ፋብሪካ ቆማ ትውላለች። "ይቺን ብር ከበላኋት አባቴን ሁለተኛ ቀበርኩት ማለት ነው" ትለኝ ነበር። መሬቱን የሚተካ፣ ልጆቿን የሚያሳድግ ነገር ነበር የምትፈልገው።

ያኔ የነዳጅ ሰልፍ ሾፌሩን ሁሉ ያማረረበት ጊዜ ነው። የኤሌክትሪክ ሚኒባስ መጣ ተባለ። ነዳጅ የለ፣ ዘይት መቀየር የለ፣ ማታ ሰክተህ ታድራለህ፣ ጠዋት ትጭናለህ። ሌንሳ ልቧ ተነሳ። አንድ ደላላ ያገለገለ አገኘላትና እኔ ደጃፍ አምጥቶ አቆመው። ነጭ ነው፤ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ሰፈሩ ተሰበሰበ፣ ጋሼ ተጠሩ።

ደላላው አስነሳው። አስነሳው አልኩ እንጂ ምኑ ይነሳል፤ መብራቱ ብቻ በራ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ጫኑ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ገብተው ተቀመጡና እስከ ቃሊቲ መናኸሪያ ደርሰው ተመለሱ። ሲወርዱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

"ልጄ፣" አሏት፣ "በዕድሜዬ እንዲህ ቀልቤ ያረፈበት ማሽን አላየሁም።"

ሌንሳ ሞኝ አይደለችም። "ጋሼ፣ ሳሪስ አቦ ጋ ባትሪውን በኮምፒውተር የሚለኩ ልጆች አሉ ይባላል። ላሳያቸው እንዴ?" አለች፣ ቀስ ብላ።

ጋሼ መልስ አልሰጡም። የመለሰላት ሰዉ ነው። "እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ማስለካት ምን ማለት ነው? ስድብ እኮ ነው" አላት አንዱ። "በሽማግሌ ላይ ሽማግሌ አይጠራም" አለ ሌላው። ሌንሳ አንገቷን ደፋች። ጋሼ አጠገቧ ቆመዋል። "ኧረ ታስለካው" ቢሉ ምን ይጎድልባቸዋል? አላሉም። ተከብረው ዝም አሉ። ቀልባቸውስ ይሳሳት፣ የሰው ልጅ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታቸው ነው።

ገዛችው። ከፋብሪካ ወጣች፣ ሾፌር ቀጠረች። መጀመሪያ ላይ ደህና ሠራ፤ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ሲመላለስ ይውልና ማታ ይሰካል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ መሰካት ጀመረ። ቀጥሎ በየምልልሱ ካልተሰካ አልሄድ አለ። አንድ ቀን ሰው እንደጫነ ዳገት ላይ ቀጥ አለ፤ ለሥራ የረፈደበት ተሳፋሪ ወርዶ እየተራገመ ገፋው። በመጨረሻ ሳሪስ አስጎትታ አስለካችው። ባትሪው አብቅቶለታል፣ ሲገዛም በመጨረሻው ላይ ነበር አሏት። አዲስ ባትሪ የመኪናውን ዋጋ ሊያክል ምንም አይቀረው። የደላላው ስልክ አይሠራም። ፋብሪካው በቦታዋ ሌላ ሰው ቀጥሯል። ሌንሳ ኮንዶሚኒየም ለኮንዶሚኒየም እየዞረች የሰው ልብስ ማጠብ ጀመረች።

እኔ ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጋሼ ቀልብ የሚሉት ጆሯቸውንና መዳፋቸውን ነው። ዕድሜ ልካቸውን ከሞተር ጋር ኖረዋል፤ የታመመ ሞተር ደግሞ ያንኳኳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ሳንባ በሽተኛ ያስላል። ሆዳቸው የሚፈራው ያንን ሲሰማ ነው፤ ራሳቸውም ከምን እንደሚመጣ አያውቁትም። የዚህኛው በሽታ ባትሪ ውስጥ ተኝቷል፣ ድምፅ የለውም። ጋሼ ምንም አልሰሙም። ምንም ስላልሰሙ ልባቸው አረፈ፤ ያንን ዕረፍት ደግሞ ዕውቀት ነው ብለው ለአክስቴ ልጅ ሰጧት።

ሰፈሩማ ያው ሰፈር ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ያ በሽማግሌ ላይ ሽማግሌ አይጠራም ያለው ሰውዬ ራሱ፣ "እኔ ድሮም አላምናቸውም ነበር" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ጋሼ ከቤት መውጣት ተዉ። ሻይ የሚጋብዛቸውም ጠፋ።

በዚህ መሐል ለሚኒባሱ ገዢ ተገኘ። ሀይረዲን የሚባል የሳሪስ አቦ ነጋዴ ነው። የጋሼን ዝና ሰምቷል፣ ውርደታቸውን አልሰማም። "ጋሼ ገብረጻድቅ ቀልቤ ወዶታል ካሉ እገዛለሁ" አለ።

ሌንሳ ይዛኝ እቤታቸው ሄደች። ጉልበታቸውን ስማ ቀና አለች። "ጋሼ፣ አልቆጣዎትም፣ አልከስዎትም። አንድ ቃል ብቻ ነው የምለምንዎት። ልጆቼን ያውቋቸዋል።" ጋሼ መሬት መሬት አዩ። እሺም እምቢም አላሏትም። እኔ እሺ ይላሉ ብዬ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ እንዲሉም ጸልያለሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

በማግስቱ ጠዋት ሀይረዲን እኔ ደጃፍ መጣ፤ ሚኒባሱም ጋሼም እዚያው ነበሩ። ጨዋ ሰው ነው። ለጋሼ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና፣ "አባባ፣ ሱቄን ሸጬ ነው የመጣሁት፤ አንቱ ያሉኝን ነው የማደርገው" አላቸው። ምነው ዝም ባለ ኖሮ። ጋሼ መዳፋቸውን ሚኒባሱ ላይ ጫኑ። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ሌንሳ አፍ አፋቸውን ታያለች።

"ልጄ፣" አሉት መዳፋቸውን አንስተው፣ "እኔ የዚህን ነገር አላውቅም። ቀልቤም አያውቅም። ሂድና ባትሪውን አስለካው።"

ሀይረዲን አመስግኖ፣ መርቋቸው ሄደ። አስለክቶ ይሁን ሰው ጠይቆ አላውቅም፤ አልተመለሰም።

ትክክል ነው ያደረጉት። ይጠፋኛል? እኔንም ያናደደኝ ትክክል መሆኑ ነው። ሌንሳ አላለቀሰችም። ጠጋ አለቻቸው።

"ጋሼ፣ ይቺ ቃል ነበረችዎት ማለት ነው" አለች። "ለማያውቁት ሰው ዛሬ በአንዴ ወጣች። እኔ ያኔ እዚሁ ቆሜ ላስለካው ወይ ስልዎት የት ደብቀዋት ነበር?"

"ሌንሳዬ..." ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አልያዘችውም።

"ሮቤራ፣ ብረት የሚገዙትን ጥራልኝ" አለችኝ።

ጎማዎቹን እኔ ፈታሁላት። ብረት ገዢዎቹ በሩን፣ ወንበሩን፣ ጣራውን እየቆረጡ ሚዛን ላይ ጫኑት። ጋሼ ግድግዳዬን ተደግፈው እስኪያልቅ ቆሙ፤ ግቡ ያላቸውም ሂዱ ያላቸውም አልነበረም። የኦቦ መገርሳ መሬት በኪሎ ተመዝኖ ሄደ።