ለጨዋታ የነቀልኩት ሳር

ዓይኔን በሻሽ ያሰሩኝ ቀን ሥልጠናውን ልተወው አስቤ ነበር።

የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሰላም ክበብ የገባሁት መምህራችን «ማን ይመዘገባል?» ብለው ወደ እኔ ሲያዩ እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተሰባሰብን ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበታ ውስጥ አንድ የወጣቶች አዳራሽ እንገናኛለን። አሰልጣኛችን ከአዲስ አበባ የምትመጣ የቴአትር ባለሙያ ናት። ስለ ሰላም ንግግር አታደርግልንም፤ ታጫውተናለች።

የመጀመሪያው ጨዋታ ዓይንን ታስሮ መሄድ ነበር። ጓደኛህ ሳይነካህ በድምፁ ብቻ ይመራሃል። እኔን የመራኝ አንድ የሱሉልታ ልጅ ነው። «ነይ ፍሬሽ፣ ገደል የለም፤ ቢኖርም እነግርሻለሁ» እያለ ያስቀኛል። ሌሎቹ ደግሞ ወንበር በመምታት የመንገድ ድምፅ ያሰማሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወንበሩን በቡጢ ደጋግሞ ሲመታው ባለሁበት ቆምኩ። ድምፁ የብረት በር ሲንኳኳ የሚሰማውን ይመስላል። ሻሹን ገፍፌ ጣልኩት።

ምክንያቱን አልተናገርኩም። በሁከቱ ጊዜ፣ መንገድ በተዘጋበት ቀን፣ ድንጋይ የያዙ ልጆች ወደ ሰፈራችን ሲመጡ፣ አባቴ እጄን ይዞ ወደ ጎረቤታችን በር ሮጠ። ቤታችን ከፉሪ አለፍ ብሎ ነው። ጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ስወለድ ከመረቁኝ ሰዎች አንዱ ናቸው። አባቴ በሩን እየደበደበ ጠራቸው። ከውስጥ የሚያስል ሰው ይሰማን ነበር። በሩ ግን አልተከፈተም። ልጆቹ ሱቃችንን ሰባብረው አለፉ፤ እኛን ማንም አልነካንም። ከዚያን ቀን ወዲህ አባቴ ሽማግሌውን ሰላም ብሎ አያውቅም። ከበራችን መቀርቀሪያ በላይ ሰንሰለት ጨመረበት። አሁን ደግሞ ቤቱን ሊሸጠው ነው። «ማንኳኳት የማይቻልበት ሰፈር ሰፈር አይደለም» ይላል። እኔ ከዚያ ቤት ሌላ ቤት አላውቅም።

ቀጣዩ ጨዋታ የሰው ሐውልት መሥራት ነበር። አንዳችን የሌሎቹን ገላ እንደ ጭቃ እያበጀን «ፍርሃት» የሚል ምስል እንድናቆም ታዘዝን። ተራዬ ሲደርስ ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን አቆላልፈው በር እንዲሆኑ አደረግኩ። የሱሉልታውን ልጅ ከበሩ ኋላ አቆምኩት። እኔ ከፊት ሆኜ እጄን ለማንኳኳት አነሳሁ። አሰልጣኛችን ሐውልቱን ዙሪያውን ዞራ አየችው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«እንዲሁ… ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው።»

«ግሩም ነው። ድራማ እናደርገዋለን። የሰፈር ሰዎችም መጥተው ያዩታል።»

የኔ ነው፣ ይቅርብኝ ማለት ነበረብኝ። «እሺ» አልኩ። ሰው ሲያመሰግነኝ እሺ ከማለት ሌላ ቃል አይመጣልኝም።

ለመጨረሻው ትዕይንት የምንይዘው ነገር ያስፈልገን ነበር፤ የእርቅ ምልክት የሚሆን። እኔ ወጥቼ ከአዳራሹ ጓሮ እርጥብ ሳር ነቅዬ መጣሁ። ሰርግ ላይ ሲጎዘጎዝ፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁበት አይቻለሁ፤ አረንጓዴ ነው፣ ያምራል። የሱሉልታው ልጅ ሲያየው ሳቁ ጠፋ።

«ኧረ አንቺ፣ በዚህ አይቀለድም። እኛ ጋ ሳር ይዞ የመጣ ሰው እየለመነ ነው። የተለመነውም ዝም ብሎ ‹እምቢ› አይልም።»

«ታዲያ የምንፈልገው ይሄንኑ አይደል?» አለች አሰልጣኛችን ደስ ብሏት።

እሱ ትከሻውን ሰበቀ። እኔም እሷን ላለማሳዘን ሳሩን ያዝኩት።

የድራማው ቀን አዳራሹ ሞላ። መጋረጃ ስለሌለን ሰዉ ሲገባ እያየሁ ነበር የቆምኩት። ከፊት ወንበር ላይ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከመካከላቸው አንዱ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጎረቤታችን ነበሩ። «አሞኛል» ልል ወደ አሰልጣኛችን ስዞር «ጀምሩ!» አለች።

በሩን አንኳኳሁ። የሱሉልታው ልጅ ከኋላ ሆኖ አልከፍትም አለ። እንደ ደንቡ አሰልጣኛችን ጨዋታውን አስቆመችና ወደ ሰዉ ዞረች።

«ከበሩ ኋላ ያለውን ሰው ልለውጠው የሚል ያጨብጭብ። መጥቶ ቦታውን ይውሰድ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ አንዳንዱም ሳቀ። ከዚያ ከፊት ወንበር ጭብጨባ ተሰማ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ የልጁን ትከሻ ነኩ፤ እሱም ቦታውን ለቀቀላቸው። ከሁለቱ ሴቶች ክንድ በስተኋላ ቆመው አዩኝ። የማንን በር እንደምናሳይ እንዳወቁ ገባኝ።

«ቀጥሉ» አለች አሰልጣኛችን።

አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ።

«ጎረቤት ነን።»

«ማንና ማን?»

«አባቴና እኔ።»

አልከፈቱም። ቀጥሎ ማድረግ ያለብኝ የተለማመድኩትን ነው፤ ሌላ ምን እንደማደርግም አላውቅም ነበር። ሳሩን በክንዶቹ መሃል ዘረጋሁላቸው። ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት የገባኝ። የተዘጋብን እኛ ሆነን፣ በሰው ሁሉ ፊት የምለምነው እኔ፣ የአባቴ ልጅ።

ሽማግሌው ሳሩን አዩት፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አባትሽ ነው የላከሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

አዎ ብል ውሸት ነው። ጨዋታ ነው ብል ደግሞ ስድብ ይሆናል።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» አልኩ።

ሳሩን ተቀበሉኝ። «ኢንተላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «መለመን የነበረብኝ እኔ ነኝ። ዛሬ ወደ አመሻሽ እመጣለሁ፤ ለአባትሽ ንገሪው።» ሳሩን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰዉ ሁሉ ትወና መስሎታል። የሱሉልታው ልጅ ብቻ አላጨበጨበም። «ነግሬሽ ነበር እኮ» አለኝ በጆሮዬ።

ቤት ስደርስ አባቴ ከደላላው ጋር በስልክ እያወራ ነበር። ገዢ ቤቱን ሊያይ ነገ ይመጣል። ስልኩን እስኪዘጋ ጠብቄ ነገርኩት። እየነገርኩት ፊቱን ማየት አቃተኝ።

«በሩን የዘጋ እሱ! ሳር ይዘን የምንለምን እኛ?»

«አባ፣ ጨዋታ ነበር።»

«በኛ ኑሮ ነው የምትጫወቱት? ደግሞ በሰው ፊት!»

«ይመጣሉ፤ አመሻሽ ላይ።»

«ይምጣ። እሱ የሠራውን እሠራለታለሁ።»

ወደ ቤት ገባ። ሰማዩ ጠቆረ፤ ፉሪ ጋራ በደመና ተሸፈነ። እኔ ደጅ ላይ ያለውን ልብስ አንስቼ ጨርሼም ግቢው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። እንዳይመጡ እመኝ ነበር። መጥተው በሩ ቢዘጋባቸው ሳሩን ይዘው በሰው ፊት የሚመለሱ እሳቸው ናቸው፤ እኛም ከዚያ ወዲያ እዚህ መኖር አንችልም።

በሩ ተንኳኳ። አባቴ ከቤት ወጥቶ በሩ ጋ ሄደ። የሚከፍት መስሎኝ ነበር። መዳፉን ብረቱ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ማነው?»

«ጎረቤት ነኝ።»

ከውጭ፣ ራቅ ካለ ቦታ፣ የሚሮጡ ልጆች እግር ተሰማ። ዝናቡ ሳይደርስባቸው የሚጣደፉ ተማሪዎች መሆን አለባቸው። አባቴ ግን ደነገጠ። ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ፣ «ብቻውን ነው?» አለኝ።

አባቴን እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን እጄን ይዞ ሲሮጥ እንኳ ፊቱ እንዲህ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ በበሩ ሥር አየሁ፤ የአንድ ሰው ጫማ፣ አንድ ከዘራ።

«ብቻቸውን ናቸው።»

ዝናቡ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሽማግሌው ሳል በመሃሉ ተሰማ፤ ያን ቀን ከውስጥ የሰማነው ሳል። አባቴም ሰማው። እጁን ሰንሰለቱ ላይ አደረገ፤ ሰንሰለቱ ተንሿሿ፣ ቆመ። ገፍቼው ልከፍተው ፈለግኩ። ጨዋታ ቢሆን ኖሮ አጨብጭቤ ቦታውን እወስድለት ነበር። እጆቼን አጣምሬ ቆምኩ።

ሰንሰለቱ ወደቀ። መቀርቀሪያው ተሳበ።

ሽማግሌው ጋቢያቸው ረጥቦ ቆመዋል። ሳሩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ጠውልጓል። አባቴ ሳሩን አየ፣ መሬቱን አየ።

«ዝናቡ ይመታዎታል» አለ በመጨረሻ። «ይግቡ።»

ደላላው በማግስቱ ደጋግሞ ደወለ። አባቴ ስልኩን ሳያነሳው ሲጮህ ይሰማው ነበር። ቤቱን አልሸጥም አላለኝም፤ እኔም ለመጠየቅ እፈራለሁ። ሰንሰለቱ ግን ከወደቀበት አልተነሳም፤ በሩን ስከፍት በእግሬ ገፋ አድርጌው አልፋለሁ።