ጽናት ያነሣችው አጥር

ጓሳው፣ የአገሩ የጋራ ሳር መሬት፣ ለአጨዳ የተከፈተበት የዚያ ዓመት የካቲት ብርዱ ከንፈር ይሰነጥቅ ነበር፤ ሲታወስ ግን ሳር ተሸክሞ የሚስቅ ሰው ብቻ ነው ዓይን ላይ የሚመጣው። ጽናት ኮምፒውተር ተምራ ወደ አገሯ ዘመሮ የተመለሰችው ያኔ ነው።

በከተማው ቤተ መጻሕፍት አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ሰጧት። እሷም የራሷን ፕሮግራም ሠራችላት፤ እየዞረች የቀዳችውን የአዛውንቶች ድምፅ ያሰማል፣ እዚያው በሆዱ ደግሞ ኢንተርኔት ይከፍታል። ከኋላው ትንንሽ ረዳቶች አሉት፤ አንዱ ገጽ ያመጣል፣ ሌላው ገጹን መስኮቱ ላይ ይስላል። ከውጭ የመጣ ክፉ ነገር አንዱን ረዳት ቢይዘው እንኳ የቤቱን ዕቃ፣ ድምፆቹን ጭምር፣ እንዳይነካ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ታጥሮ ነው የሚሠራው።

ከድምፆቹ አንዱ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የባና፣ ሸማኔው የጋሽ አፈወርቅ ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ባለቤታቸው እማማ ማንጠግቦሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ጎራ እያሉ ያዳምጣሉ። መሐል ላይ «ይቺ ሴትዮ ፈትሏ እንደ ጠባይዋ ወፍራም ነው» የሚል አለ። እዚያ ሲደርስ «ውሸትዎን ነው» ይሏቸዋል፣ ሁልጊዜ።

የፈተና ምዝገባ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ተማሪዎቹ በዚያችው ማሽን የሚመዘገቡበት ገጽ ነጭ ሆኖ ቀረ። አሮጌዋ ማሽን አጥሩን አልችል ብላ ረዳቶቹ ገና ሲነሡ ይሞታሉ። ተማሪዎቹ በር ላይ ተሰልፈዋል። ጽናት አንዲት መስመር ጻፈችና አጥሩን አነሣችው። «ለዛሬ ብቻ» አለች በልቧ። ሁሉም ተመዘገቡ፣ መረቋት። ምርቃቱ ጣማትና አጥሩን ሳትመልስ ከረመች።

ግንቦት ላይ አንዲት ተማሪ ዘፈን ስትፈልግ የከፈተችው ገጽ ተንኮለኛ ሆነ። ረዳቱን ያዘው፤ አጥር የለ፣ ከልካይ የለ፣ ድምፆቹን አንድ በአንድ እየደመሰሰ ጨረሳቸው። ጽናት ሌላ ቅጂ አላስቀመጠችም ነበር።

ቅዳሜ እማማ ማንጠግቦሽ መጡ። «ማሽኑ ታሟል፣ እማማ» አለቻቸው። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። በሦስተኛው «ምስኪን፣ ጠበል ይዤለት መጣሁ» ብለው ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ጽናት ወንበር ሳበችላቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው።

እማማ ወደ ማሽኑ ዞሩ። «ሳትዘጊ ተውሽው በይኛ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔም በረት ሳልዘጋ ጅብ ጊደር በልቶብኛል። ጊደር ግን ይተካል።» ነጠላቸውን አጣፉ። «እግዜር ይፍታሽ። እኔ ግን ገና ነኝ።»

ተመልሰው አልመጡም። ጽናት አጥሩን በዚያው ቀን መለሰችው፤ ኢንተርኔቱ አልከፍት ቢል፣ ተማሪዎቹም ቢያጉረመርሙ፣ እንቢ አለች። ክረምቱ ሳይገባ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ አስረክባ ሄደች።

መጨረሻ የታየችው ዓለም ከተማ ነው፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ትሠራለች።