የእትዬ አልጣሽ ቧንቧ

ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ውስጥ ብርነሽን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። አሳንሰር ውስጥ አንዱ «እትዬ አልጣሽ፣ እንዴት አደርሽ?» ይላታል። ሱቅ ስትገባ ሌላው «እትዬ አልጣሽ መጣች፣ ውሃችሁን ደብቁ!» ብሎ ይጮኻል። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ካልሳቀች «እውነትም አልጣሽ» መባሉ አይቀርም።

ነገሩ የመጣው ከአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ገና በሠላሳ ዓመቷ፣ «የዋርካው ግቢ» በሚባል ተከታታይ ድራማ ላይ ከአብዮቱ በፊት የነበረች ክፉ አከራይ ሆና ተጫውታለች። እትዬ አልጣሽ የግቢውን ቧንቧ በጓጉንቸር ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ላይ የምታስር ሴት ነበረች። ተከራዮቿ ባልዲ ይዘው ሲለምኗት፣ «ውሃ የሰማይ ነው አትበሉኝ፤ ቧንቧው የኔ ነው!» ትላቸዋለች። ይህቺ ንግግር አገር አዳረሰች። ድራማው በአንድ ክረምት አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለብርነሽ ሌላ ሚና የሚሰጥ አዘጋጅ ጠፋ።

ዲቪ ደርሷት ሚኒያፖሊስ ስትገባ፣ ደስ ያላት የሚያውቃት ሰው ወደሌለበት መምጣቷ ነበር። ሻንጣዋን እየገፋች ከአውሮፕላን ማረፊያው ብቅ ስትል፣ ታክሲውን ተደግፎ የቆመ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ አያት።

«እትዬ አልጣሽ! ቁልፉን ይዘሽው መጣሽ?»

ሰውየው ጌቱ ይባላል። ቤቷ ድረስ በነፃ አደረሳት፤ እሷ ሻንጣዋን ሳትፈታ ወሬው ሕንፃውን ዞረ።

ስሙን ችላው ትኖር ነበር፣ ልጆቹ ባይኖሩ ኖሮ። ብርነሽ አፓርታማዋ ውስጥ የሰው ልጅ ትጠብቃለች፤ ላይሰንሷ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። እናቶች ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ልጆቻቸውን ለእሷ ትተው ይሄዳሉ። ታዲያ እነዚሁ እናቶች ቤታቸው ገብተው ልጁ አልበላም፣ አልተኛም ሲላቸው፣ «ለእትዬ አልጣሽ ነው የምሰጥህ!» ይሉታል። እነሱም በሕፃንነታቸው እንዲሁ ተብለው ያደጉ ናቸው፤ «ጅብ መጣ» እንደማለት ነው እንጂ ክፋት የለባቸውም። ብርነሽን ግን አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር የሚቀበላት ለቅሶ ነው። የከድሪያ ልጅ፣ የአራት ዓመቷ ሀይፋ፣ ሙሉውን ጥቅምት ጃኬቷን ሳታወልቅ በሩ ሥር ተቀምጣ አሳለፈችው። በረዶ መጣል ሲጀምር ጃኬቱን አወለቀች። ከዚያ አንድ ቀን ራሷ መጥታ የብርነሽን ቀሚስ ሳብ አደረገችና «ውሃ» አለች። ብርነሽ ኩባያውን እስከ አፉ ሞላችላት።

«የዋርካው ግቢ» እንደገና ተሠራ የሚለው ወሬ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ተዋንያኑ አዲስ፣ ዘመኑ አዲስ፣ አልጣሽም አዲስ። ሰፈሩ ገና ሳያየው ተቆጣ። «ምን ጎደለውና ይነካካሉ?» ተባለ። ደስ ያላት ብርነሽ ብቻ ነበረች። አዲሷ ልጅ ከተወደደች ስሙን ትውሰደው፤ እናቶቹም ልጆቻቸውን በእሷ ያስፈራሩ። እሷ አዲስ አበባ ናት፤ ልጆቹን በር ከፍታ አትቀበላቸውም። ዲቪዲው ሱቅ በገባ ሰሞን ገዛችና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰው ጠራች።

ጌቱ መጣ። ነርሲንግ ሆም አረጋውያን የምትንከባከበው ስንታየሁ መጣች። ከድሪያም ሀይፋን ይዛ መጣች፤ ልጅቷ ወደ መኝታ ቤት፣ ወደ መጫወቻዎቹ ሄደች። ትልልቆቹ ሶፋው ላይ ተጨናንቀው ተቀመጡ።

«ይቺ ናት አልጣሽ?» አለ ጌቱ። «ይቺን ቆንጆማ ኪራይ ጨምሬ ነው የምከፍላት!»

«ጥፍሯን እዩልኝ» አለች ስንታየሁ። «በዚህ ጥፍር ነው ጓጉንቸር የምትቆልፈው? ይሰበርባታል እኮ።»

«ዋርካውስ?» ጠየቀች ከድሪያ።

«ቆርጠውት ኮንዶሚኒየም ሠርተውበታል» አለ ጌቱ።

«ወላሂ፣ ዋርካ የሌለው የዋርካው ግቢ!»

ብርነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጎበዝ ልጅ ናት እኮ። ዓይኗን እዩት። እኔ እንዲህ አልችልም ነበር።»

የምሯን ነበር። ስንታየሁ ግን ጉልበቷን መታ አደረገቻትና «ሂጂ! ትሕትናሽ ደግሞ!» አለቻት።

ጌቱ ጣቱን ወደ ብርነሽ ቀሰረ። «አንቺ ብትለቂ እኛ አንለቅሽም!»

ከዚያ የቧንቧው ትዕይንት ደረሰ። አዲሷ ልጅ ጓጉንቸሩን ቆለፈች፣ ያቺን ንግግር ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረች፣ ፊቷን አዙራ ሄደች።

«አልጎተተችውም» አለች ብርነሽ።

ቃሉ ያመለጣት ሳታስበው ነው። ጌቱ ዲቪዲውን አቆመው። «ምን አልሽ?»

«ጓጉንቸሩን። ቆልፎ ዝም ብሎ የሚሄድ፣ ሰው የሚያምን ነው። አልጣሽ ሰው አታምንም። ሁለቴ ጎተት ማድረግ አለባት።»

«አሳዪና!» አላት ጌቱ።

መቀመጥ ነበረባት። መቀመጥ እንዳለባትም ታውቅ ነበር። ይህን መጎተት ግን የነገራት አዘጋጅ አልነበረም፤ ራሷ ፈልጋ ያገኘችው፣ በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ የምትኮራበት ነገር ነው፤ አሁን ተዘለለ። ተነሥታ ወደ ኩሽናው ሄደች። የእቃ ማጠቢያውን ቧንቧ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው፤ ጎተተችው፤ ደግማ ጎተተችው። አገጯ ከፍ፣ ትከሻዋ ሰፋ አለ። ዞረች።

«ውሃ የሰማይ ነው አትበሉኝ፤ ቧንቧው የኔ ነው!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ጌቱ ቆሞ አፏጨ።

ሀይፋ ፊት ለፊቷ ቆማለች። ውሃ ፈልጋ ከመኝታ ቤት የመጣች ናት፤ የፕላስቲክ ኩባያዋን በሁለት እጇ ወደ ላይ ይዛዋለች። አላለቀሰችም። ኩባያውን ወለሉ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችና ሄዳ እናቷ ሻርፕ ውስጥ ገባች።

«ውይ ሀይፋ!» አለች ከድሪያ እየሳቀች። «እትዬ አልጣሽ እኮ ሲጫወቱ ነው!»

ብርነሽ ኩባያውን አንሥታ ሞላችው፤ ወስዳ ሰጠቻት። ልጅቷ ቀና አላለችም። ከጀርባዋ ጌቱ ዲቪዲውን እያወጣ «ይቺን መልሰን እንልካታለን፤ አልጣሽ አንድ ናት!» ይላል።

ሰኞ ጠዋት ከድሪያ ልጇን አደረሰች። «ዛሬ ጎበዝ ናት፣ አላለቀሰችም» አለች ወደ አሳንሰሩ እየሮጠች። «ቸር ይዋሉ፣ እትዬ አልጣሽ!»

ብርነሽ በሩን ዘግታ ቆለፈችው፤ ልጆች ያሉበት ቤት ሳይቆለፍ አይዋልም። ከቆለፈችው በኋላ እጇ እጀታውን ጎተት አደረገው። ደግሞ ጎተተው። ዞር ስትል ሀይፋ ታያታለች፤ ጃኬቷን እንደለበሰች በሩ ሥር ተቀምጣለች።

«ሀይፋዬ፣ ውሃ ልስጥሽ?»

ልጅቷ ቦርሳዋን ከፍታ ከቤቷ ያመጣችውን የውሃ ጠርሙስ አወጣችና ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈችው።

«ኖ» አለች። «አይ ሃቭ።»