ፓራሹቱን ያጠፍኩለት ሰው

ከደብረ ዘይት የተነሳሁት ቅዳሜ ማለዳ ነው። የምሄደው የመቶ አለቃ ቶሎሳን ለቅሶ ለመድረስ፣ ወንጪ ነበር። ቶሎሳ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ለአብራሪው አቅጣጫ የሚመራ ናቪጌተር ነበር። በምሥራቁ ግንባር አውሮፕላናቸው ተመትቶ ከወደቀ ዓመት አልፎታል። በሌላ አውሮፕላን አጠገባቸው ይበር የነበረው ጓዳቸው ሲወድቁ አይቷል፤ ፓራሹት ሲከፈት ግን አላየም። እኔ ደግሞ ሥራዬ የበራሪዎችን ፓራሹት ማጠፍ ነው። የቶሎሳንም ያጠፍኩት እኔ ነኝ።

አባቱ ኦቦ ዲንቃ «ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም» ብለው ዓመት ሙሉ እምቢ ሲሉ ቆዩ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ለምነው እሺ ሲያሰኟቸው «ከሥራ ጓደኞቹ አንድ ሰው ይገኝልኝ» አሉ። ሌሎቹ ግንባር ስለሆኑ ጉዞው እኔ ላይ ወደቀ። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ሰው ቢሄድልኝ በወደድኩ።

እስከ አምቦ

ከመርካቶ በሦስት ብር ተሳፈርኩ። ሆለታ ላይ ለፍተሻ አወረዱን። አጠገቤ የተቀመጠው ጨርቅ ነጋዴ የደንብ ልብሴን አይቶ «አየር ኃይል ሆነህ ከኛ ጋር በአውቶቡስ?» አለና ተሳፋሪውን አሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጊንጪ ላይ ዳቦ በሻይ ቀመስን። ከዚያ ወዲያ የደንዲ ጤፍ ገና አረንጓዴ ነበር።

አምቦ መናኸሪያ የጠበቀኝ የቶሎሳ የአጎት ልጅ፣ መምህር ለማ ነው። እራት ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ ስለ ፓራሹቱ ከጠየቁህ ማን እንዳጠፈው አላውቅም በል። ሐዘናቸው ይበቃቸዋል» አለኝ። እሺ አልኩት። እንዲያውም ቀለል አለኝ፤ በዚህም አፈርኩ።

ወንጪ

እሑድ ጠዋት በጭነት መኪና ዳገቱን ወጣን፤ መንገዱ ሲያልቅ በእግር ቀጠልን። ግቢው ደጃፍ ዳስ ተጥሎ ለቀስተኛው ተሰብስቧል። መሀል ላይ የቶሎሳ ፈረስ ተጭኖ ቆሟል፤ ኮርቻው ላይ የደንብ ልብሱ ተነጥፏል። በአገሩ ወግ የሟቹን ፈረስ እየሳበ ለቀስተኛውን የሚዞረው የቅርብ ሰው ነው። ኦቦ ዲንቃ ግን ልጓሙን ለማንም አልሰጡም ነበር።

«አካም ጂርታ፣ ኢልማ ኮ»፣ እንዴት ነህ ልጄ ብለው ትከሻዬን ያዙኝና እኔንና መምህር ለማን ወደ እንሰቱ ጥግ ወሰዱን።

«ልጄ፣ ዣንጥላ አልነበረውም እንዴ?»

«ነበረው፣ አባባ።»

«ማን ነበር የሚያዘጋጅለት?»

ለማ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። የመከረኝን ሳላስብ አፌ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ። ያን ቀንም ያጠፍኩት እኔ ነኝ። አልከፈት ብሎት ይሁን፣ መዝለል አቅቶት ይሁን አላውቅም። ዓመት ሙሉ አስቤ አላገኘሁትም።»

 ሽማግሌው የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ሣሩ ላይ ዘረጉት።

«እንዴት እንደምታጥፍ አሳየኝ።»

ተንበርክኬ አጠፍኩ። ጠርዙን ከጠርዝ አገጣጠምኩ፣ የተጨማደደውን በመዳፌ አስተካከልኩ፣ እንደ ልማዴ እያንዳንዱን እጥፋት ሁለት ጊዜ ፈተሽኩ።  ኦቦ ዲንቃ እስከ መጨረሻው ቆመው አዩኝ።

«ለእሱም እንዲህ አድርገህ ነው?»

«እንዲህ አድርጌ ነው፣ አባባ።»

«እናቱ እንኳ ልብሱን እንዲህ አሳምራ አታጥፍለትም ነበር» አሉ። የታጠፈውን ጋቢ አንስተው ኮርቻው ላይ ከደንብ ልብሱ ጎን አኖሩት። ከዚያ ልጓሙን እጄ ላይ አስቀመጡና «ምራው» አሉኝ።

ፈረሱን እየሳብኩ ዞርኩ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ እኔም ዓመት ሙሉ ያልወጣልኝን እንባ አነባሁ። ኦቦ ዲንቃ ከኋላዬ የልጃቸውን ስም እየጠሩ ያለቅሱ ነበር።

ደብረ ዘይት

ማክሰኞ ሥራ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፓራሹት ይጠብቀኝ ነበር። ካርዱ ላይ የበራሪው ስም ከነአባቱ ይጻፋል። ድሮ የራሱን ስም ብቻ አንብቤ፣ የአባቱን ዘልዬ ነበር የማልፈው። ያን ቀን ሁለቱንም ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ከዚያ ጨርቁን ዘረጋሁ።