ጎረቤቱን የሚያነብ ገጽ

አደን ስላችሁ ጫካ እንዳይመስላችሁ፣ ልጆች። እኔ ያደንኩት እዚሁ ቦንጋ መሃል፣ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። 

ወሩ ሐምሌ ነው። ዝናቡ አያባራም፣ ኔትወርኩ በየሰዓቱ ይጠፋል። ስለዚህ እኛ ቢሮ በመከራ የተከፈተ ገጽ አይዘጋም፤ ማን መልሶ ይጠብቀዋል? እኔ የኮምፒውተር ባለሙያው ነኝ። ባልደረባዬ እትዬ አልማዝ ደግሞ ከሚደበድባቸው ባል ለሸሹ ሴቶች መጠለያ ይፈልጋሉ። በዚያ ሰሞን አንዲት ሴት ሺሺንዳ ከተማ ደብቀው ነበር። ቦታውን ለጠበቃዋ በኢሜይል በጻፉ ማግስት ባልየው በሩ ላይ ተገኘ። ሴትዮዋ በጓሮ በር አመለጠች። ቢሮው በሙሉ እትዬ አልማዝን በጎሪጥ ማየት ጀመረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ጠርጥሬያቸው ነበር።

ዱካውን ያገኘሁት ኮምፒውተራቸው ላይ ነው። ከኢሜይሉ ጎን የቡና ዋጋ የሚያሳይ ገጽ ሳምንት ሙሉ ተከፍቶ ቆይቷል። «ማነው የላከልዎት?» ብላቸው፣ «በቴሌግራም መጣ። እኔስ ቡና የለኝም እንዴ?» አሉ።

ብሮውዘር ገጾችን በየክፍላቸው ቆልፎ ነው የሚያስቀምጣቸው፤ አንዱ የሌላውን ማየት የለበትም። የዚህን ገጽ ኮድ ስገልጠው ግን ግድግዳውን የሚሰረስር ነገር አየሁ። ቀድቼ ላፕቶፔ ላይ ሞከርኩት። አንዱ ገጽ ላይ የእናቴን ስም ጻፍኩ። ስሙ ከጎኑ በተከፈተው የቡና ገጽ ላይ ወጣ። ክው አልኩ።

ቀና ስል እትዬ አልማዝ ኢሜይል ይጽፋሉ፤ የቡናው ገጽ ገና አልተዘጋም። ሴትዮዋን ወደ ዋጫ ከተማ አዛውረዋታል፤ አዲሱን ቦታ ለጠበቃዋ እያሳወቁ ነው።

«እትዬ፣ እጅዎን ያንሱ!»

የኔትወርኩን ኬብል መዝዤ ጣልኩት።

«ምን ሆንክ አንተ?» አሉ ደንግጠው።

ስክሪኑ ላይ «ዋጫ» የሚለው ተጽፎ አልቋል። ወጥቶ ይሁን አይሁን ማወቅ አልቻልኩም። ወዲያው ደውለን ሴትዮዋን ከዋጫ አስወጣናት። በማግስቱ ባልየው ዋጫ ደረሰ፤ ባዶ ቤት አገኘ። ገጹን የሠራለት ዘመዱ እንደሆነ ኋላ ታወቀ።

ያንን የብሮውዘሩን ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት ከወጣ ቆይቶ ነበር። ኢንተርኔት ይበላል ብዬ የቢሮውን አፕዴት ሁሉ ያጠፋሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ሄጄ ለእትዬ አልማዝ ነገርኳቸው። 

«ሰው ሁሉ እኔን ሲጠረጥር አንተም ዝም ብለህ ታይ ነበር» አሉኝ።

ከእሳቸው ኮምፒውተር ጀምሬ የቢሮውን አፕዴት ሁሉ መልሼ ከፈትኩ።